ሰማያዊ ዓሣ ነባሪና ሞስ፦ የትኛው አካል ከየትኛው ጋር ይነጻጸር?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ለማነጻጸሪያ ጽሑፍ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪንና ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ የሚባለውን ሞስ መርጫለሁ። ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና የጂን ብዛት የያዘ ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። ሐሳቤ ዓሣ ነባሪው እጅግ የረቀቀ፣ ሞሱ ደግሞ ገና ያልዳበረ ፍጡር መሆኑን ማሳየት ነው፤ የጂን ብዛቱም ይህንኑ የሚያረጋግጥ ይመስለኛል። አንድ ጓደኛዬ ግን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ስለሌለ ንጽጽሩ ከመነሻው ትርጉም የለውም ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?»

ሁለታችሁም ትክክል አይደላችሁም። ጓደኛዎ የተሳሳቱት ዝምድና የለም በማለታቸው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ዝምድናውን የደረጃ መሰላል በማድረግዎ። ከሁለቱም የሚከፋው ስሕተት ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ያስቀመጧቸው ነገሮች አብዛኞቹ አቻ ለአቻ አይደሉም። 30 ሜትርን ከ5 ሚሊ ሜትር ጎን ቢጽፉ ቁጥሮቹ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንባቢው ግን አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ መሆኑን ከማወቅ ያለፈ፣ ያውም ቀድሞ ከሚያውቀው ያለፈ፣ የሚያተርፈው ነገር የለም።

በመጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። ዓሣ ነባሪ በስሙ ውስጥ ዓሣ ቢኖርበትም ዓሣ አይደለም፤ በሳንባው የሚተነፍስ፣ የሚወልድና የሚያጠባ፣ ደሙ የሚሞቅ እንስሳ ነው። ሞስም በእርጥብ ድንጋይ፣ በግንድና በአፈር ላይ እንደ ስጋጃ ተነጥፎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ከዋቅላሚ (አልጌ) ወይም ከሊከን ጋር ይምታታል። ሊከን የፈንገስና የዋቅላሚ ጥምረት ነው፤ ሞስ ግን ግንድ መሰልና ቅጠል መሰል አካል ያለው፣ ሽሉን በእናቲቱ አካል ላይ እየመገበ የሚያሳድግ እውነተኛ የየብስ ዕፅ ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ ይበሏት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ዝምድናው ስንመጣ፣ ዕፅዋትና እንስሳት የጋራ ቅድመ አያታቸው ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ በፊት የኖረ አንድ ሕዋስ ያለው ፍጡር እንደነበረ ይገመታል። ያ ፍጡር አካል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ነገር ግን ኒውክለስ ነበረው፣ ኃይል የሚያመነጭ ሚቶኮንድሪያ ነበረው፣ ፕሮቲን የሚገጣጥም ራይቦሶም ነበረው፣ የዲኤንኤውን መልእክት የሚያነበውም ዛሬ ዓሣ ነባሪውም ሞሱም በሚያነቡበት የፊደል ሥርዓት ነበር። ይህ ውርስ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማየት ዲኤንኤ እንደ ክር በልቃቂት ላይ የሚጠቀለልባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች መመልከት ይበቃል። ከእነርሱ አንዱ፣ ሂስቶን ኤች 4 የሚባለው፣ 102 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በአተርና በላም መካከል ሲነጻጸር የተለዩት ሁለቱ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ላም ደግሞ ለዓሣ ነባሪ የሩቅ ዘመድ አይደለችም፤ ዓሣ ነባሪዎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ከሚገኙበት ሐረግ የወጡ ሲሆን በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰዎችን የሚያስገርም አንድ ነጥብ ልጨምር፦ እንስሳትና ፈንገሶች ከዕፅዋት ተነጥለው በአንድ ቅርንጫፍ የሚገኙ በመሆናቸው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ከሞስ ይልቅ ለእንጉዳይ ይቀርባል።

ስለ ጂን ብዛት የገመቱት ተገልብጧል። የዓሣ ነባሪው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ስብስቡ፣ ወደ 2.4 ቢሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት የሞሱ ወደ 500 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ግምትዎን የሚደግፍ ይመስላል። ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች ሲቆጠሩ ግን ዓሣ ነባሪው እንደ ሌሎቹ አጥቢዎች 20,000 አካባቢ ላይ ሲቆም ሞሱ ከ30,000 ያልፋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በሞሱ የዘር ሐረግ ውስጥ ጂኖሙ በሙሉ ሁለት ጊዜ መባዛቱ ነው። ሌላው ምክንያት የአኗኗር ጉዳይ ነው፤ ሞሱ ከቆመበት የማይነቃነቅ በመሆኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከብርሃን፣ ከአየር፣ ከውኃና ከማዕድን ራሱ ይሠራል፣ ድርቀትንም ሆነ ኃይለኛ ፀሐይን በኬሚስትሪ እንጂ በሽሽት አይመልስም። ዓሣ ነባሪው ብዙዎቹን ንጥረ ነገሮች ተሠርተው ያለቁ ሆነው ከምግቡ ያገኛቸዋል። እንስሳት በተጨማሪ ከአንድ ጂን ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ቆራርጠውና ቀጣጥለው የማውጣት ልማድ አላቸው። ስለዚህ የጂን ቁጥር የረቂቅነት ልክ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ላይ ከቆየ ግምትዎን ያፈርሳል፣ ትርጉሙ ሳይብራራ ከቀረ ደግሞ አንባቢውን ወደ ተቃራኒው ስሕተት ይመራዋል።

«ያልዳበረ» የሚለው ቃልም እንዲሁ መውጣት አለበት። የሞሱ የዘር ሐረግና የዓሣ ነባሪው የዘር ሐረግ ከዚያ ከጋራ ቅድመ አያት የተነሡት በአንድ ቀን ነው፤ እኩል ዘመን ተጉዘዋል። ዛሬ በኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የሚያገኙት ሞስ የዛሬ ፍጡር እንጂ የጥንት ቅሪት አይደለም። ደግሞም አዝጋሚ ለውጥ ሁልጊዜ መጨመር አይደለም፤ መጣልም አለበት። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ የኋላ እግሮቹን አጥቷል፤ የቀረው ከአከርካሪው ጋር ያልተያያዘ ትንሽ የዳሌ አጥንት ብቻ ነው። ጥርሱም በሽልነት ጊዜ ያቆጠቁጥና ሳይበቅል ይጠፋል፤ በቦታው ባሊን የተባለው የማጣሪያ ሰሌዳ ይመጣል። ፊስኮሚትሪየምም በበኩሉ የቅርብ ዘመዶቹ ያላቸውን፣ ስፖር (እንደ ዘር የሚበተን ደቃቅ ሕዋስ) የሚበስልበትን እንክብል የሚሸከመውን ረጅም ዘንግና የእንክብሉን ክዳን ትቷል፤ እንክብሉ በቅጠሎቹ መካከል ተወሽቆ ይበስልና እንዲሁ ይፈነዳል። ኩሬው ሸሽቶ ጭቃው በተጋለጠባት አጭር ወቅት ሕይወቱን መጨረስ ላለበት ዕፅ ያ ሁሉ ግንባታ ትርፍ ነው። እግር የሌለው ዓሣ ነባሪ ኋላ ቀር ካልተባለ ዘንግ የሌለውን ሞስ ኋላ ቀር የሚያሰኝ ምክንያት አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ንጽጽር የሚያዋጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። «ሞስ» ብለን የምንጠራው አረንጓዴ አካል በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ አንድ ስብስብ ክሮሞሶም (ጂኖቹን የያዘ የዲኤንኤ ጥቅል) ብቻ፣ ማለትም 27፣ ይዟል። ዓሣ ነባሪው ግን 44 አለው፤ 22 ከእናቱ፣ 22 ከአባቱ። በዓሣ ነባሪ ሕይወት ውስጥ ነጠላ ስብስብ የሚይዙት የወንዴ ዘርና እንቁላል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ወይ ይገናኛሉ ወይ ይሞታሉ እንጂ በራሳቸው አካል አያበጁም። በሞስ ግን ነጠላ ስብስብ ያለው ስፖር መሬት ላይ ወድቆ ይበቅላል፣ ክር ያወጣል፣ ከክሩም ቅጠላማው አካል ይወጣል፤ ያ አካል ነው በስተኋላ የወንዴ ዘርና እንቁላል የሚያዘጋጀው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚገኘው ባለ ድርብ ስብስብ ትውልድ ደግሞ በእናቲቱ ጫፍ ላይ እንደተጣበቀ የሚኖር፣ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ እንክብል ነው። እንግዲህ በክሮሞሶም ስብስብ ከሄድን የ30 ሜትሩ ዓሣ ነባሪ አቻ አረንጓዴው ሞስ ሳይሆን ያቺ እንክብል ናት፤ የአረንጓዴው ሞስ አቻ ደግሞ፣ አካል አበጅቶ በራሱ ቢኖር ኖሮ፣ የዓሣ ነባሪው የወንዴ ዘር ወይም እንቁላል ነው። ይህ የአቀማመጥ አቻነት እንጂ የውርስ አቻነት አለመሆኑን ግን ልብ ይበሉ። የጋራው ቅድመ አያት አንድ ሕዋስ ብቻ ስለነበረ፣ ብዙ ሕዋስ አከማችቶ አካል ማበጀት በእንስሳትም በዕፅዋትም ለየብቻ የተገኘ ነገር ነው። የሠንጠረዥዎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች፣ ቁመትና ክብደት፣ የሚያነጻጽሩት እንግዲህ በፍጹም የማይዛመዱ ሁለት ግንባታዎችን ነው።

ነጠላ ስብስብ መያዝ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። በዓሣ ነባሪው ውስጥ አንድ ጂን ቢበላሽ ከሌላው ወላጅ የመጣው ቅጂ ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ይሸፍናል። በአረንጓዴው ሞስ ግን መጠባበቂያ ቅጂ የለም፤ የተበላሸው ወዲያው ይታያል። ይህ ዕፅ በላቦራቶሪ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእ.ኤ.አ. 1997 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተፈለገን ጂን በትክክለኛ ቦታው የመተካት ሥራ በዚህ ሞስ ላይ ከሌሎች ዕፅዋት በተለየ ቅልጥፍና እንደሚሳካ ታየ፤ በ2008 ደግሞ ጂኖሙ ታተመ፣ ከሞሶች ሁሉ የመጀመሪያው ሆኖ።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸው ሁለት ነገሮች ለጽሑፍዎ ከሠንጠረዡ ሁሉ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው የወንዴ ዘሩ ጭራ ነው። የሞስ የወንዴ ዘር እንደ ጽጌረዳ በብናኝ ተጠቅልሎ አይጓዝም፤ ከተሠራበት ከረጢት ወጥቶ በቅጠሎቹ መካከል ባለው ስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ በሁለት ጭራዎች እየዋኘ ወደ እንቁላሉ ይደርሳል። የዓሣ ነባሪው የወንዴ ዘርም በአንድ ጭራ ይዋኛል። ሁለቱን ጭራዎች በመስቀለኛ ቆርጠው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢያዩዋቸው ተመሳሳይ ሥዕል ያገኛሉ፦ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ደቃቅ ቱቦዎች፣ መካከሉ ላይ ሁለት ነጠላ ቱቦዎች። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ያ አንድ ሕዋስ ያለው ቅድመ አያት በዚህ ጭራ ይዋኝ ነበር፤ አሠሪዎቹ ጂኖች ለሁለቱም ወገን ወርደዋል። አበባ ያላቸው ዕፅዋት ግን ይህን ጭራ ጥለውታል፣ ከአሠሪዎቹ ጂኖችም ብዙዎቹ አብረው ጠፍተዋል። ስለዚህ በዚህ አንድ ጉዳይ ሞሱ ከጽጌረዳ ይልቅ ዓሣ ነባሪውን ይመስላል። እኔ ራሴ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረዳ፣ ዕፅ ማለት የማይንቀሳቀስ፣ እንስሳ ማለት የሚንቀሳቀስ እያልኩ የተማርኩትን ድንበር እንደገና ማስመር ነበረብኝ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የሞሱ የወንዴ ዘር መንገዱን እንዴት ያገኛል ለሚለው በ2017 የታተመ ጥናት፣ የግሉታሜት ተቀባይ መሰል ፕሮቲኖችን የሚያሠሩት ሁለት ጂኖች ከሥራ ሲታገዱ የወንዴ ዘሮቹ ወደ እንቁላሉ የሚወስደውን በር አግኝተው ለመግባት እንደሚቸገሩ አሳይቷል። የእነዚህ ፕሮቲኖች ዘመዶች በእንስሳት ዘንድ በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት ያቀባብላሉ። በዓሣ ነባሪው አንጎል ውስጥ የሚሠራው የፕሮቲን ቤተሰብ ነርቭ በሌለው ሞስ ውስጥ የወንዴ ዘር መሪ ሆኖ መገኘቱ፣ አንድ የተወረሰ መሣሪያ በሁለት ቤት ምን ያህል የተለያየ ሥራ ሊሰጠው እንደሚችል ያሳያል። ሞሱ «ያስባል» ወይም «ይሰማዋል» ወደሚል ድምዳሜ ግን እንዳይሄዱ፤ ጂኑ ዘመድ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀደም ሲል ልብ ይበሏት ያልኳት ሐረግ ናት። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እናት ከ10 እስከ 12 ወር አርግዛ፣ ሽሏን በእንግዴ ልጅ በኩል እየመገበች፣ 7 ሜትር ገደማ የሚረዝምና ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ግልገል ትወልዳለች። በሞስም እንቁላሉ ከተዳቀለ በኋላ ሽሉ ከእናቲቱ አይለይም፤ እግር የሚባለውን ታችኛ ክፍሉን በአካሏ ውስጥ ተክሎ ውኃና ስኳር ይቀበላል። በሁለቱ ትውልዶች መገናኛ ላይ ያሉት ሕዋሳት ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ነው፤ ይህም የማስተላለፊያውን ስፋት ይጨምራል። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን መገናኛ «እንግዴ ልጅ» ብለው ሲጠሩት ቀልድ አይደለም፤ ሥራው በእርግጥም ያው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ከጭራው ተቃራኒ ነው። ያ የጋራ ቅድመ አያት አርግዞ አያውቅም፤ ሽልን በእናት አካል የመመገቡን ዘዴ አጥቢ እንስሳትና የየብስ ዕፅዋት እየራሳቸው ደርሰውበታል። ጭራው የተወረሰ ተመሳሳይነት ሲሆን እንግዴ ልጁ ለየብቻ የተገኘ ተመሳሳይነት ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ የሚደረግ የማነጻጸሪያ ጽሑፍ፣ ሠንጠረዡ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የዝርዝር ክምችት ሆኖ ይቀራል።

መጠንን በግድ ማንሣት ከፈለጉ «ስንት ነው?» ብለው ሳይሆን «ለምን እዚያ ላይ ቆመ?» ብለው ያንሡት። የሞሱን አንድ ቅጠል በወረንጦ ቀንጥበው በጠብታ ውኃ መስታወት ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ዳር እስከ ዳር ብርሃን ያልፍበታል፤ ምክንያቱም ከመካከለኛው ጅማቱ በቀር ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በግድግዳው ጥግ ጥግ በተደረደሩ አረንጓዴ ክሎሮፕላስቶች ተሞልቶ ይታያል። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ ከዓሣ ነባሪው ቀይ የደም ሕዋስ በርዝመቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ትልቁ እንስሳ ትልቅ የሆነው በሕዋሳቱ ብዛት እንጂ በሕዋሳቱ ግዝፈት አይደለምና። እንዲህ ያለ ቅጠል ውኃና አየር በቀጥታ በገጹ ስለሚገቡለት ቧንቧ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ቧንቧና ጠንካራ እንጨት ከሌለ ከፍታ አይታሰብም። ከሞሶች ሁሉ ረጃጅሞቹ ከሚባሉት አንዱ ዳውሶኒያ ሱፐርባ እንኳ በውስጡ ውኃ የሚያሳልፉ ሕዋሳት ኖረውት ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ዓሣ ነባሪው ይህን ገደብ የተሻገረው በፓምፕ ነው። 180 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ልብ አለው፤ በ2019 በታተመ ጥናት በአንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ቆዳ ላይ በተለጠፈ መሣሪያ የልቡ ምት ሲለካ፣ ጠልቆ ሳለ በደቂቃ እስከ 2 ዝቅ፣ ለመተንፈስ ሲወጣ ደግሞ እስከ 37 ከፍ ሲል ተመዝግቧል። ክብደቱን የሚሸከምለት ባሕሩ ነው፤ የብስ ላይ ቢወጣ የገዛ ክብደቱ ሳንባውን ይጨፈልቀዋል። ግዙፍ አካል ሙቀቱን በዝግታ ስለሚያጣ በቀዝቃዛ ባሕር ይጠቅማል፤ በአንድ ጉርሻ ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ውኃ ክሪል ከተባሉት ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ የባሕር እንስሳት ጋር ዝቆ ማጣራት የሚችለውም አፉ ግዙፍ በመሆኑ ነው። ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ክሪሉ በአንድ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ሲገኝ ነው፤ የዓሣ ነባሪዎች ከልክ ያለፈ ግዝፈትም የመጣው ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው፤ ለአንድ ሐረግ ይህ የትናንት ያህል ነው።

ሁለቱ ከውኃ ጋር ያላቸው ነገርም አብሮ ቢነሣ ጥሩ ነው። የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአራት እግራቸው የብስ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ወደ ባሕር ሲመለሱ ሳንባቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ዛሬም አየር ሊተነፍሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሞስ ቅድመ አያቶች ደግሞ ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጨዋማ ባሕር ሳይሆን ከጨው አልባ ውኃ ዋቅላሚዎች ወገን ወጥተው የብስን ያዙ፤ ዋናተኛውን የወንዴ ዘር ግን አልተዉትም፣ ስለዚህም ለመዳቀል ዛሬም ጠል ወይም ዝናብ ይጠብቃሉ። አንዱ ውኃ ውስጥ እየኖረ አየር ይናፍቃል፤ ሌላው አየር ውስጥ እየኖረ ውኃ ይጠብቃል።

የዕድሜው ረድፍ ጭራሹን አይሠራም። ዓሣ ነባሪው አንድ ግለሰብ ነው፤ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ከ80 እስከ 90 ዓመት እንደሚኖር ይገመታል፤ ዕድሜውም በጆሮው ውስጥ እየተነባበረ ከሚጠጥረው ኩክ ንጣፎች ይቆጠራል። የሞሱ ግለሰብ ግን የት ይጀምራል? በላቦራቶሪ ይህን ዕፅ የምናራባው በቀላሉ ነው፤ አረንጓዴውን ክር ውኃ ጨምረን በመፍጫ እንፈጨዋለን፣ የተፈጨውን እንደ ጄሊ በረጋ ገንቢ ምግብ ላይ እናፈሰዋለን፤ በሳምንት ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ክር ወጥቶ ሳህኑ ይለመልማል። በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚጠናው ዘር የመጣው እንግሊዝ ውስጥ ግራንስደን ዉድ ከተባለ ጫካ በ1962 ከተሰበሰበ ዕፅ፣ ከአንዲት ስፖር ነው። ታዲያ ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው ወይስ ከ60 ዓመት በላይ? ጥያቄው መልስ ያጣው መረጃ ጎድሎ ሳይሆን «ዕድሜ» የሚለው ቃል ለሁለቱ አንድ ነገር ስለማይል ነው።

ይኸው ልዩነት የመጥፋት አደጋን ያብራራል። አንዲት ሴት ዓሣ ነባሪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ታድነው ተገደሉ፤ የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ጥበቃ በ1966 ከመጣ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላም ዝርያው አሁንም ለመጥፋት ከተጋለጡት ይመደባል። ከቁራጭ የሚያንሰራራና በአንድ እንክብል በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖሮችን የሚበትን ዕፅ እንዲህ ያለውን ጉዳት በሌላ ሚዛን ነው የሚያየው፤ እርሱን የሚያጠፋው የኩሬው ዳር መድረቅ ወይም መደልደል ነው እንጂ ለቀማ አይደለም።

ጽሑፍዎን ከማጠናቀቅዎ በፊት ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። «ዓሣ ነባሪና ሞስ ይህን ያህል በመቶ ጂን ይጋራሉ» የሚል ቁጥር ካጋጠመዎት አይውሰዱት፤ ምን እንደ «መጋራት» ተቆጠረ በሚለው ላይ ተመሥርቶ ቁጥሩ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ስለ ሞሶች የሚነገሩ አስደናቂ ዜናዎችንም ለየዝርያቸው ይመልሱ። በ2014 የተዘገበው፣ በአንታርክቲካ ሲግኒ ደሴት ከ1,500 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ እንደገና የበቀለው ሞስ ኮሪሶዶንቲየም አሲፊለም ነው እንጂ እርስዎ የመረጡት አይደለም። በ2022 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልከው ከ9 ወር በላይ በጣቢያው ውጫዊ ገጽ ላይ የቆዩትና ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወት የተመለሱት ስፖሮች ግን የፊስኮሚትሪየም ናቸው፤ ቅጠላማው አካል ግን ያን ያህል ጽናት የለውም። የዓሣ ነባሪው ክብደትም ከ100 እስከ 150 ቶን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተብሎ ሲጻፍ፣ ትልልቆቹ አኃዞች የአደን መርከቦች ሬሳውን ቆራርጠው ከመዘኑባቸው ዘመናት የመጡ መሆናቸውን ይወቁ፤ በመቁረጡ ጊዜ የሚፈሰው ደምና ፈሳሽ በግምት የሚታከል ስለነበር የመጨረሻዋን ኪሎ የሚጠቅስ ቁጥር አይመኑ።

ምክሬ ይህ ነው። አሁን ያለውን ሠንጠረዥ ይተዉት። በምትኩ ጽሑፉን በጭራውና በእንግዴ ልጁ ላይ ይመሥርቱ፤ የሁለቱን የሕይወት ዑደት ጎን ለጎን ይሣሉ፣ ነጠላውን የክሮሞሶም ስብስብ በአንድ ቀለም፣ ድርቡን በሌላ ቀለም ይለዩ፣ ከዚያም በሚያገኙት ተመሳሳይነት ሁሉ ላይ «ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ ነው ወይስ ለየብቻ የተገኘ?» ብለው ጠይቀው መልሱን ከነምክንያቱ ይጻፉ። መጠን ካልተነሣ አይሆንም የሚሉ ከሆነ ዓሣ ነባሪውን ከጉማሬ፣ ሞሱን ከዳውሶኒያ ጋር ለየብቻ ያነጻጽሩ፤ ያኔ የሚለካው አንድ ዓይነት አካል ይሆናል። ዓላማዎ የአየር ንብረት ከሆነ ደግሞ ፊስኮሚትሪየምን ስፋግነም በተባለው የረግረግ ሞስ ይተኩት፤ ከየብስ ገጽ 3 በመቶ ገደማ ብቻ በሚሸፍኑት፣ ከዓለም ደኖች ሁሉ ዕፅዋት የሚበልጥ ካርቦን በያዙት በከፊል የበሰበሰ ዕፅ በተከማቸባቸው ረግረጋማ መሬቶች (ፒት)፣ በተለይ በሰሜናዊዎቹ፣ ዋነኛ ገንቢው እርሱ ነው፤ በጭቃ ላይ ለአንድ ወቅት የሚበቅለው ፊስኮሚትሪየም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም።